ዓመለወርቅ የመረጠችለት

አባቴ ሌላ ሴት እንደያዘ የደረስኩበት አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው። ማንም አልነገረኝም። ራሴ ደረስኩበት፤ ስለዚህም ለማንም ሳላሳይ፣ እንደ ራሴ ንብረት ደብቄ ነበር የያዝኩት።

እናቴ ፋንታዬ ያኔ ሐዋሳ ነበረች። ተበላ ጤና ጣቢያ ስምንት ዓመት በነርስነት ከሠራች በኋላ ለዲግሪ የመማር ዕድል ደረሳት። ዕድሉ ለአንድ ሰው ብቻ የመጣ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ትዕዛዝ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ በተጠባባቂነት ተይዛለች። ደንቡን እኔ እንኳ እንደ ጥቅስ በቃሌ አውቀው ነበር፦ የሆስፒታል ልምምድ አምስት ቀን ያጎደለ ይሰናበታል፤ ዕድሉም በሚቀጥለው ዓመት ለተጠባባቂው ያልፋል። የሸኘናት ዕለት አባቴ የሚኒባሱን መስኮት ይዞ፣

«ፋንታ፣ የቤቱ ጣሪያ ቢወርድ እንኳ እንዳትመጪ። እኔና ባርኪ ደግፈን እንይዘዋለን» አላት፤ ባርኪ የሚለው እኔን ነው።

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሚስቱን «እንዳትመጪ» የሚለው ለምንድነው ብዬ የጠየቅሁት ቆይቼ ነው።

አባቴ ኤርሳዶ ልብስ ሰፊ ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ በቤታችን በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። የሠርግ ሰሞን ከቦምቤና ከቤሌ ድረስ ኮት ሊያሰፉ ይመጡለት ነበር። እናቴ በሄደች በሁለተኛው ወር ግን ኮት መቀበል አቆመ። ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ዘንድሮ ዩኒፎርም ብቻ ነው» እያለ ይመልሳል። ዩኒፎርም አንድ ልክ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ስፌት ነው። በመርፌው ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ሙያ እያስተማረኝ መስሎኝ ነበር።

ይህን ለጓደኛዬ ለኢየሩሳሌም ነገርኳት። ኢየሩሳሌም በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በትዳር ጉዳይ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነበረች።

«ሥራ ጠልቷል?» አለችኝ።

«ኮት አልሰፋም ይላል።»

«በቃ! የአክስቴም ባል እንደዚህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሥራ ጠላ። ከዚያ ሽቶ ተቀባ። ከዚያ ቦምቤ ሄዶ ቀረ።»

«አባዬ ሽቶ አይቀባም።»

«ይቀባል፤ ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። ሽቶ አልተቀባም፤ ሌላ ነገር ግን አየሁ። መንገድ ስንሄድ እጄን መያዝ ትቶ ትከሻዬን ይይዝ ጀመር። አንድ ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል ጎንበስ ይልና ቀስ ብሎ «ማነው የሚመጣው?» ይለኛል። «ጋሽ ጌታነህ» እለዋለሁ። ያኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰውየው አጠገባችን ሳይደርስ፣ «ጌታነህ! ሳሮ ነህ ወይ?» ብሎ በወላይትኛ ሰላም ይለዋል። ጋሽ ጌታነህ ደስ ይለዋል። እኔ ግን፣ አንድ ሰው በገዛ ከተማው መንገድ ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ካላወቀ የማይራመደው ምን ጥፋት ቢኖርበት ነው እያልኩ አስብ ነበር። የሚሸሽ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትከሻዬን ይዞ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለች የፊልም ማከራያ ቤት ወሰደኝ። እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ አባቴ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቀበል ሰው ነበር። ያቺን ቤት በውጭ በኩል ብቻ ነው የማውቃት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በሲዲ ሽፋኖች ተሸፍኗል፤ የሰው ፊት ብቻ ነው፣ የሚያለቅስ፣ የሚስቅ፣ ሽጉጥ የያዘ። ከመደርደሪያው ጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሲዲ የሚሞከርበት ትልቅ ቴሌቪዥን ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። የቤቱ ባለቤት ዓመለወርቅ ናት። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አሥራለች፤ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

ስንገባ ሳሚ ከሚባል ጎረምሳ ጋር እየተጨቃጨቀች ነበር።

«ተኩስ ያለበት ስጪኝ አልኩሽ እኮ!»

«ተኩስ የምትፈልግ ከሆነ ከእኔ ሦስት ቤት አልፈህ ሂድ። እዚህ የሚተኮስ የለም፤ የሚወደድ ነው ያለው።»

«የሚያስተኛ በይው።»

«ተኛ ታዲያ! እንቅልፍ ቢኖርህ በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ባልደረቅህ።» ሳሚ ሳቀባትና ወጣ። ወደ አባቴ ዞራ «አቤት፣ ምን ልስጥዎት?» አለችው።

«የፍቅር ፊልም» አለ አባቴ።

እኔ ወለሉን አየሁ።

«የዘንድሮ ነው የዱሮ?»

«የዱሮ። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው የሚለውን። አሥር ጊዜ ቢታይ የማይሰለቸውን።»

«አሥር ጊዜ የሚያይ ደንበኛማ እንኳን መጣልኝ!» እጇን ከሽፋን ወደ ሽፋን ማሮጥ ጀመረች። ዓመለወርቅ ፊልም በስሙ አትጠራም፤ እንደ ሰፈር ሰው ወሬ ነው የምትነግርህ። «ይሄ የህንድ ነው። ጀልባ ቀዛፊው የሚወዳትን ልጅ ለሠርጓ ወንዙን የሚያሻግራት እሱ ራሱ ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለቱን ሰዓት ሲያለቅሱ ነው የሚቆዩት። ይሄኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፣ አንዲት ሴት በየዓመቱ እየመጣች ፎቶ ትነሳለች። ምንም አያደርጉም፤ ይተያያሉ ብቻ። ግን እንዴት አድርገው ይተያያሉ መሰልዎት!»

«ፊታቸው በቅርብ ነው የሚታየው?»

«ፊታቸው ቴሌቪዥኑን ይሞላዋል።»

«እሱን ስጪኝ።»

ከዚያ ቤት ፊልም የሚከራይ ሰው ሁሉ የቀበሌ መታወቂያውን መያዣ ያስቀምጣል። አባቴ እጁን ኪሱ ሲከት ግን መታወቂያ አላወጣም። እኔን «ባርኪ፣ ሂጂ ሙዝ ግዢ» አለኝ። ሁለት ሙዝ ገዝቼ ስመለስ ተጠግተው ቀስ ብለው ያወራሉ። የዓመለወርቅ ሳቅ ጠፍቷል። አባቴ በቤታችን ወላይትኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛው የገበያና የቢሮ ነበር። ያን ቀን ግን አማርኛው ለስላሳ ሆነብኝ።

«ፋንታዬ እንዳታውቅ» ሲል ሰማሁት። «ሁለት ዓመት ብቻ። እሷ እስክትጨርስ።»

«እሺ» አለች ዓመለወርቅ። «መታወቂያህን አልፈልግም፤ ያዘው።»

ስገባ «እርስዎ» ነበር፤ ስወጣ «አንተ» ሆነ። ሙዜን ሳልበላ እቤት ደረስኩ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት እንሄድ ጀመር። እኔን ከመደርደሪያው ውጭ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኝና እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ቤታችን ቴሌቪዥን አለ፤ ለምን እዚያ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የእኛዋ ቴሌቪዥን አሥራ አራት ኢንች ነበረች። ያኔ ግን መልሱ ከመጋረጃው ጀርባ ትስቅ ነበር። ዓመለወርቅ እየገባች እየወጣች፣ «ይሄን ያዝ፤ እዚህ ላይ ነው የምትዞረው» ስትለው እሰማለሁ። አንድ ጊዜ መጋረጃው ገርበብ ብሎ የሲዲውን ሽፋን ጠርዝ በመቀስ ስትቆርጥ አየኋት። አንድ ቦታ ቆረጠች፤ በሌላው ሽፋን ላይ ሁለት ቦታ። ከዚያ የአባቴን ጣት ይዛ የተቆረጠው ላይ አስኬደችው።

«አንድ ሲሆን ጀልባው፤ ሁለት ሲሆን ፎቶ አንሺው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ጣቱን ወዲያው አልለቀቀችም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ብቻውን ማውራት አመጣ። መኪናውን እየረገጠ፣ ሰማያዊው የዩኒፎርም ጨርቅ በእጁ ስር እየሄደ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተጠግቼ ሰማሁት። «ዘፈኑ አለቀ። በሩ ተንኳኳ። አሁን ትዞራለች… አሁን ትስቃለች።» ራሱም አብሮ ሳቀ። ቀና ብሎ «ማነው?» አለ፤ እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት። እንዲህ አጠገቡ ቆሜ የማያየኝ ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው ብዬ አለቀስኩ። ማልቀሴንም አላየም።

ለኢየሩሳሌም ነገርኳት። እሷ ደግሞ ለእናቷ ነገረች፤ ይህን ያወቅሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

«እስካሁን ሲሳሳሙ አላየሻቸውም አይደል?» አለችኝ። «ካላየሽ ሽማግሌም አይቀበልሽም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አየሁ። ዝናብ ነበር፤ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም መናኸሪያውን ውጦታል፤ ደንበኛ የለም። ከመጋረጃው ጀርባ የፊልሙ ድምፅ ቆመ። ተነስቼ መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አደረግሁ። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ጣሪያው አንጋጥጧል። ዓመለወርቅ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከላዩ ተደፍታለች፤ በግራ እጇ አገጩን ይዛለች፤ ፊቷ ከፊቱ አይርቅም። «አትንቀሳቀስ» አለችው በሹክሹክታ። ቆየች። ቀና ስትል የአባቴ ጉንጭ በእንባ ርሷል። «እግዜር ይስጥሽ» አላት።

መጋረጃውን መለስኩት። የማደርገው ነገር ያን ጊዜ ጠፍቶኝ አልነበረም። ያን ያህል እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም።

እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአባቴ ስልክ ትደውላለች። ያን እሑድ ተራዬ ሲደርስ ስልኩን ይዤ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ስር ገባሁ።

«እማዬ፣ ነይ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አባዬ ሰው አለው። የፊልም ቤቷ ሴትዮ ናት። ማተብ ያሠረችው። አይቻቸዋለሁ።»

ትንፋሿን እሰማለሁ።

«ምን አየሽ?»

«ስትስመው። አንቺ እንዳታውቂ ብሏታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ለማንም አትናገሪ» አለችኝና ዘጋችው። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት መጣች። በረንዳችን ላይ ማንም አልነበረም፤ እኔን ብቻ አገኘችኝ። ትንሽ ቦርሳ ነው የያዘችው፤ ከነጩ የልምምድ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባለች። አልሳመችኝም። «የት ነው?» ነው ያለችው። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇን ይዤ በገበያተኛው መሃል እየጎተትኩ ወሰድኳት። ኮርቼ ነበር። ቤታችንን እኔ ነኝ ያዳንኩት።

መጋረጃውን እሷ ራሷ ገለጠችው። አባቴ ከቴሌቪዥኑ ስንዝር ያህል ብቻ ርቆ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሊነካው ምንም አልቀረው። ዓመለወርቅ ደንግጣ ተነሳች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ የውጪው ብርሃን ከጀርባዋ ነው። አባቴ ወደ ብርሃኑ ዞረ። በቀጥታ ወደ እናቴ ነበር የሚያየው፤ ፈገግ ብሎ።

«ባርኪ ነሽ? መጋረጃውን መልሺው እስቲ። አሁን የምትስቅበት ደርሷል።»

እናቴ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች።

«ደንበኛ ነው እንዴ፣ ዓመለወርቅ?»

በሕይወቴ ያን ያህል የተናደድኩበት ጊዜ የለም። ሚስቱ ፊቱ ቆማ እንደማያውቃት ሆነ! ንቀቱ ቢበዛ፣ አልኩ በልቤ፣ እንዲህ ይደረጋል? እናቴ የምትሰድበው መስሎኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ተጠግታ እጇን አነሳች፤ የምትመታው መሰለኝ። አልመታችውም። መዳፏን በዓይኑ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። አባቴ ፈገግታው አልተለወጠም፤ አሁንም በሩን ያያል። እንደገና ከቀኝ ወደ ግራ አሳለፈች። ከዚያ እጇ ወረደ።

የዓይን ግፊት ነበር። እናቴ ከመሄዷ በፊት ባሉት ወራት ጀምሮታል፤ በሄደች በወሩ ሐኪም ዘንድ ብቻውን ሄዶ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውንም በጠብታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ማቆየት እንደሚቻል ተነገረው። ለእናቴ ቢነግራት ትምህርቷን ጥላ በማግስቱ እንደምትመጣ ያውቃል። ስለዚህ ዕቅድ አወጣ። የልብስ ሰፊ ዕቅድ ነው፤ ያልታየውን በልክ የመገመት ዕቅድ። የድሮ ፊልም መርጦ፣ ጭላንጭሉ ሳይጠፋ ቃል በቃል፣ ሳቅ በሳቅ ሊያጠና፤ እናቴ ዲግሪዋን ይዛ ስትመጣ ማታ ማታ አብሯት ቁጭ ብሎ፣ በሚሳቅበት እየሳቀ፣ በሚለቀስበት አፍንጫውን እየጠረገ፣ ቢቻለው በሥራዋ እስክትደላደል ድረስ እንዳታውቅበት። ይህን ሁሉ ያወቀች ዓመለወርቅ ብቻ ናት። ጠብታውንም የምታደርግለት እሷ ነበረች፤ በራሱ እጅ ሲሞክር ዓይኑን ይስታል፣ እኔን ደግሞ ለእናቴ ትናገራለች ብሎ ፈርቶኛል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘችው። የሆስፒታል ሳሙና ሳይሸተው አልቀረም።

«ፋንታ?» አለ። ብድግ ሲል በርጩማው ወደቀ። «ፋንታ! ምን ሆነሽ መጣሽ? ማን ነገረሽ?»

እናቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓመለወርቅን አየቻት።

«ማንም አልነገረኝም» አለችው። «ናፍቀኸኝ ነው።»

ዓመለወርቅ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። እኔ ለቅሶዋን የጥፋተኛ ለቅሶ ነው ያልኩት።

የዚያን ቀን ምሽት ጓዳ ሆኜ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። አባቴ «ሂጂ! ነገ በመጀመሪያው መኪና ሂጂ!» ይላል። እናቴ «አልሄድም» ትላለች። «አልፈልግሽም እዚህ!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ፣ ከዓመለወርቅ ጋር ሊሆን እያባረራት እንደሆነ ነው። ትራሴን ነክሼ «አትሂጂ፣ አትሂጂ» እያልኩ ለመንኩ። የአምስቱን ቀን ደንብ የማውቀው እኔ፣ በዚያ ሳምንት በጣቴ የቆጠርኩት ሌላ ነገር ነበር፤ እናቴ ቤት ያደረችበትን ቀን። ሰኞ ሆነ፤ አምስተኛው የልምምድ ቀን። እናቴ ነጩን ጋውን አጥባ ሽቦው ላይ ሰጣችው፤ ከዚያ ወዲያ አልለበሰችውም። አሸነፍኩ ብዬ የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ እያጠቀስኩ ጠግቤ በላሁ።

እውነቱን ያወቅሁት በቃል አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ጠርታ ትንሽ ጠርሙስ በእጄ አስያዘችኝ። «እኔ ተበላ ስውል የምታደርጊለት አንቺ ነሽ» አለች። አባቴ ወንበሩ ላይ ፊቱን አንጋጠጠ። አገጩን በግራ እጄ ያዝኩ፤ ተደፋሁበት፤ ፊቴ ከፊቱ አልራቀም። «አትንቀሳቀስ» አልኩት። ጠብታው ገብቶ ትርፉ በጉንጩ ሲወርድ፣ ሁለተኛውን ጠብታ ግንባሩ ላይ ጣልኩት።

እናቴ ከበሩ ታየኝ ነበር።

ዓመለወርቅ ያን ዓመት ሳያልቅ ቤቷን ዘጋች። ወሬው ከኢየሩሳሌም እናት ተነስቶ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር፤ ሴቶች ባሎቻቸውን ወደዚያ ቤት መላክ ፈሩ። ቤሌ ሄዳ ሻይ ቤት ከፈተች ብለው ነግረውናል። ስትሄድ ሁለቱን ሲዲ ለአባቴ ልካለታለች። ትዕዛዝ በሚቀጥለው ዓመት ሐዋሳ ገባች፤ ዛሬ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ናት፤ የእናቴን የፈቃድ ወረቀት የምትፈርመው እሷ ናት።

አባቴ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። የሚሰፋበትን መኪና ለተማሪው ለእስራኤል ሰጥቶ እሱ በእጁ እየዳሰሰ ልክ ያርማል። በረንዳችን ላይ ግን ሰው አይጠፋም። ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው «ጋሼ፣ የሚታይ የፍቅር ፊልም ንገረን» ይሉታል፤ ፊልም አዋቂ ነው ተብሎ ስም ወጥቶለታል። የጀልባውን ይነግራቸዋል፤ የፎቶ አንሺውን ይነግራቸዋል። ከዚያ ሁልጊዜ ይቺን ይጨምራል፦

«ፊልም ትላላችሁ። ከፊልም የሚበልጥ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ዲግሪዋን ልትይዝ ደርሳ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ምንም ሳይነግራት፣ ባሏ ናፍቋት ጥላው መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ‹ናፍቀኸኝ ነው› አለችው። የትኛው ፊልም ላይ አያችሁ ይሄን?»

«እውነት ነው እንዴ፣ እትዬ ፋንታዬ?» ይላታል እስራኤል እየሳቀ።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል፣ ከሐዋሳ እስከ ሶዶ ሙሉውን መንገድ ምን ብላ እንደምትሰድበው ስታዘጋጅ እንደመጣች ነግራኛለች። ለእሱ ነግራው አታውቅም።

«እውነት ነው» ትላለች። «ናፍቆኝ ነው።»

ይህን ብላ ወደ እኔ ትዞራለች። አባቴ በመካከላችን ተቀምጦ ይስቃል። ረጅም ጊዜ ነው የምታየኝ፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላም ዓይኔን ቀድሜ የምሰብረው እኔ ነኝ።